ሥልጣን ያልተሰጠው ባለሥልጣን፦ ሲያትልና ኪንግ ካውንቲ የቤት አልባዎችን አገልግሎት አንድ ላይ ለማምጣት ያደረጉት ሙከራ

ሲያትል መሀል ከተማ ድንኳን ውስጥ የሚያድር አንድ ሰው አለ እንበል። ስኳር አለበት። መታወቂያው ጠፍቶበታል። ጠዋት መጥታ የምታነጋግረው ሠራተኛ ደመወዟ ከማዘጋጃ ቤቱ ነው። ማታ አልጋ ሊያገኝበት የሚችለው መጠለያ የሚሠራው በካውንቲው (ከስቴት በታች ሆኖ ብዙ ከተሞችን በያዘው አስተዳደር) ገንዘብ ነው። ሕክምናው በስቴቱ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በተዘጋጀው የመንግሥት የሕክምና ዋስትና ይሸፈናል። የኪራይ ድጎማ ቫውቸሩ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፤ የሚታደለው ግን በቤቶች ባለሥልጣን በኩል ነው። እሱም አንድ አይደለም። ሲያትል የራሷ አላት፣ ካውንቲው የራሱ አለው፣ ሬንተንም የራሷ አላት። ሰውዬው ወሰን ተሻግሮ ቡሪየን ካደረ ደግሞ ሌላ ከንቲባና ሌላ ደንብ ይጠብቀዋል።

ሰውዬው አንድ ነው። ረጂዎቹ ግን ብዙ ናቸው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው አያውቅም። አገር ቤት "ነገ ና" እየተባለ የተመላለሰ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። እዚህ ሰውዬው የሚሰማው "ይሄ የኛ አይደለም፣ እዚያ ጠይቅ" የሚለውን ነው። እዚያ የሄደ ሰው ደግሞ ያንን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደገና ይጠየቃል። ስምህ? የት አደርክ? ለምን ከቤት ወጣህ?

ኪንግ ካውንቲና ሲያትል ይህን ለማስተካከል አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል። ታሪኩን በዝርዝር ማየት የፈለግሁት ሲያትልና አካባቢዋ በአሜሪካ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆኑ ነው። የኪራይ ጉዳይ ማንንም አይምርም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ኪንግ ካውንቲ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። በውስጡ 39 ከተሞች አሉ። ሲያትል ትልቋ ናት፤ ቤልቪው፣ ኬንት፣ ሬንተን፣ ተክዊላ፣ ሾርላይንና ሌሎቹም የየራሳቸው ምክር ቤትና የየራሳቸው በጀት አላቸው። በ2005 አካባቢው "በአሥር ዓመት ውስጥ ቤት አልባነትን እናጠፋለን" የሚል ዕቅድ አውጥቶ ነበር። አሥር ዓመቱ በ2015 ሞላ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሲያትሉ ከንቲባ ኤድ መሪና የካውንቲው አስተዳዳሪ ዳው ኮንስታንታይን በቤት አልባነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ሊጠፋ ቀጠሮ የተያዘለት ችግር በቀጠሮው ዓመት አዋጅ አስወጣ።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትልቁ ግን ኪራይ ነው። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹ አደጉ፣ ሰው ጎረፈ፣ ቤት ግን በዚያው ልክ አልተሠራም። ሱስና የአእምሮ ሕመም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም አለ። ኪራይ ርካሽ በሆነበት ከተማ የታመመ ሰው ቢያንስ ክፍል የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ሲያትል ውስጥ ግን አንድ ወር ሥራ ያጣ ጤነኛ ሰውም መኪናው ውስጥ ሊያድር ይችላል።

በ2018 ካውንቲውና ሲያትል አማካሪ ቀጥረው ሥርዓቱን አስጠኑ። የአጥኚው ቡድን መሪ ማርክ ዶንስ ነበሩ። ከምክሮቹ ዋነኛው፣ ገንዘቡና ውሳኔው ተበታትኗልና በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ይሰብሰብ የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ይመስለኛል።

ድርድሩ ላይ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። በሐሳቡ ላይ ማንም አልተጣላም። ጥያቄው ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነበር። ትንንሾቹ ከተሞች "ሲያትል ልትውጠን ነው፣ ግብርም ይጣልብናል" ብለው ሠጉ። ሲያትል ደግሞ አብዛኛውን ገንዘብ የማዋጣው እኔ ሆኜ ውሳኔውን ሌላው እንዴት ይወስናል አለች። ዲሴምበር 2019 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች ስምምነቱን አጸደቁ። የኪንግ ካውንቲ አካባቢያዊ የቤት አልባነት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ተወለደ።

ስሙ ባለሥልጣን ይላል። ግብር የመጣል ሥልጣን ግን የለውም። የራሱ ገቢ የለውም። የሚሠራው ሲያትልና ካውንቲው በሚሰጡት በጀት፣ እንዲሁም ከፌዴራልና ከስቴት በሚመጣ ገንዘብ ነው። እነሱ ከቀነሱ ይቀንሳል። በላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ቦርድ ተደረበበት። አንደኛው 12 አባላት ነበሩት፤ ከንቲባው፣ የካውንቲው አስተዳዳሪ፣ የምክር ቤት አባላት፣ የትንንሾቹ ከተሞች ተወካዮችና ቤት አልባነትን በሕይወታቸው ያዩ ሰዎች የተቀመጡበት። ሁለተኛው 13 አባላት የነበሩት የአፈጻጸም ቦርድ ነው። ማን ለማን እንደሚታዘዝ ለመረዳት ስምምነቱን ደጋግሞ ማንበብ ይጠይቅ ነበር።

ለኛ በሚገባን ምሳሌ ልበለው። ዕድር አቋቋማችሁ። ሊቀ መንበር አላችሁ፣ ዳኛም ጸሐፊም አላችሁ፣ መዝገቡም ያምራል። መዋጮ መሰብሰብ ግን አትችሉም። ድንኳኑና ወንበሩም በሁለት ሀብታም ጎረቤቶች ግቢ ተቆልፎበታል። ለቅሶ በመጣ ቁጥር ሄዳችሁ ታስፈቅዳላችሁ። ሕዝቡ ደግሞ ድንኳኑ ሲዘገይ የሚቆጣው እናንተን ነው።

ይህ ቁልፍ የሚባለው ነገር ጉዳዩን ሁሉ የሚያስረዳ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከመንገድ ወደ ቤት የሚወስደው ጉዞ ሁለት ግማሽ አለው። የመጀመሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ማነጋገር፣ መጠለያ ማስገባት፣ ወረቀት ማስተካከል ነው። ሁለተኛው ግማሽ ቤቱ ነው፤ ኪራይ የሚከፈልለት፣ በር ያለው፣ የሚቆለፍ። አዲሱ መሥሪያ ቤት የተሰጠው በአብዛኛው የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ለድሆች ቤት የሚያሠራው የሲያትል ቤቶች ቢሮ በሲያትል እጅ ቀረ። ካውንቲውም በ2020 ከሽያጭ ላይ 0.1 በመቶ ግብር ጥሎ ሆቴሎችን እየገዛ ወደ መኖሪያነት የሚቀይርበት ፕሮግራም ሲጀምር ፕሮግራሙን ራሱ ያዘው። በፕሮግራሙ እስከ 1,600 ክፍል ለማዘጋጀት ነበር የታሰበው። በጣም ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ግን ለማስተባበር ከተቋቋመው መሥሪያ ቤት ውጭ ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። ሕጉ ከተሞች ከካውንቲው ቀድመው ግብሩን ራሳቸው ከጣሉ ገንዘቡን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል። ኬንት፣ ሬንተን፣ ቤልቪው፣ ኢሳኳና ሌሎችም ተሽቀዳድመው በየፊናቸው ጣሉት። የአንድነቱ ስምምነት ከጸደቀ ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። በከተሞቹ አልፈርድም፤ ገንዘቡ በየሠፈራቸው ቤት እንዲሠራበት ፈልገዋል። መሥሪያ ቤቱ ግን ሥራ ሳይጀምር የጋራው ኪስ ሳሳ።

በ2021 የጸደይ ወራት ማርክ ዶንስ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ንድፉን የሠሩት ሰው ቤቱን እንዲያስተዳድሩ ተጠሩ። በ2022 መባቻ የሲያትልና የካውንቲው ኮንትራቶች ወደ መሥሪያ ቤቱ ተዛወሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ድርጅት፣ ብዙ ወረቀት፣ በቂ ሠራተኛ ገና ያልተቀጠረበት ቢሮ። ክፍያ ይዘገይ ጀመር። አሠራሩ "መጀመሪያ ከኪሳችሁ አውጡ፣ ደረሰኝ አምጡ፣ ከዚያ እንተካለን" የሚል ነው። ትልቅ ድርጅት ይህን ይችለዋል። በአምስት ሠራተኛ የሚንቀሳቀስ፣ የስደተኛ ማኅበረሰብ የሚያገለግል ትንሽ ድርጅት ግን ሁለት ወር ክፍያ ከዘገየበት ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ስለ ቅንጅት ሲወራ ይሄ እንደ ተራ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ይታለፋል። እኔ ግን ከዋናዎቹ ጉዳዮች እቆጥረዋለሁ። ሂሳብ ሹሙ ዘገየ ማለት፣ ድንኳን ድረስ የምትሄደው ሠራተኛ ሥራ ለቀቀች ማለት ነው። እሷ ስትለቅ ሰውዬው ለስድስት ወር የገነባው አመኔታ አብሯት ይሄዳል።

በዚያው በ2022 ፌብሩዋሪ ትልቁ ሙከራ ተጀመረ። ማይክሮሶፍት፣ አማዞን፣ ስታርባክስና የባልመር ግሩፕ ያሉበት የለጋሾች ስብስብ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ግቡ በመሀል ከተማና በቻይናታውን አካባቢ መንገድ ላይ የሚያድረውን ሰው ቁጥር ወደ ዜሮ ማቅረብ ነበር። ዘዴው ደስ የሚል ነው። ራሳቸው ቤት አልባ የነበሩ ሰዎች ተቀጠሩ። እያንዳንዱን ሰው በስሙ መዘገቡ። ከመጀመሪያዋ ቀን እስከ ቤት ቁልፍ ድረስ አንድ ሠራተኛ ከሰውዬው ጋር እንዲዘልቅ ታሰበ። ከፌዴራል መንግሥት በመጡ ባለሙያዎች እገዛም እንደ ጎርፍና እሳት አደጋ የሚመራ አንድ የዕዝ ማዕከል ተቋቋመ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ተቀምጦ "ይህ ሰው የጎደለው መታወቂያ ነው፣ ያቺ ሴት የጎደላት ቫውቸር ነው" እየተባባለ ይሠራል። በ"እዚያ ጠይቅ" ፈንታ "እዚህ አለሁ" የሚል ሰው ተገኘ።

ግን ፕሮግራሙ በሴፕቴምበር 2023 ተዘጋ። ቤት የገቡት 230 የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። የለጋሾቹ ገንዘብ ሲያልቅ የሠራተኞቹ ደመወዝ ከሜዲኬይድ ይሸፈናል የሚል ተስፋ ነበር፤ አልሆነም። ሲያትልም ካውንቲውም አልተኩትም። እነዚያ ከመንገድ ተነሥተው ሠራተኛ የሆኑ ሰዎች ራሳቸው ሥራ አጡ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ለ230 ሰው በር የሚቆለፍ ቤት ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራው ይሠራ ነበር። ያቆመው የነገ ገንዘብ ሳይታሰር መጀመሩ ነው።

በተቃራኒው የሆነውንም እንይ። በዚያው ዘመን ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴት በአውራ ጎዳናዎች ዳር፣ በድልድይ ሥር የሚያድሩ ሰዎችን ወደ ቤት ለማስገባት ገንዘብ መደበ። እዚህ ላይ መሥሪያ ቤቱ ከስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና ከአገልግሎት ሰጪዎች ጋር አብሮ ሠራ። አሠራሩ የተለየ ነበር። ሠራተኞች ቀደም ብለው ሄደው ሰዎቹን በስም ያውቃሉ። የሚገቡበት ክፍል ይዘጋጃል። ድንኳኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ገቡ። ያው መሥሪያ ቤት ነው፣ ያው ከተማ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ፣ ክፍሉና ሠራተኛው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው።

የማይገናኙበትን ለማየት ደግሞ ወደ ደቡብ እንውረድ። በ2023 ቡሪየን ውስጥ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ድንኳን የተከሉ ሰዎች ተነሡ ተባሉ። ትንሽ ራቅ ብለው ተከሉ። እንደገና ተነሡ ተባሉ። ካውንቲው 1 ሚሊዮን ዶላርና 35 ትንንሽ ተገጣጣሚ ቤቶች ልስጥ አለ። የከተማዋ ምክር ቤት የት ይተከሉ በሚለው ላይ ለወራት ተከራከረ። ገንዘብ አለ፣ ቤቶቹ አሉ፣ ቦታ ግን የለም። አካባቢያዊው ባለሥልጣን አንድን ከተማ "መሬት ስጪ" ብሎ ማዘዝ አይችልም። መለመን ግን ይችላል።

ተክዊላ ላይ የሆነው ደግሞ ለኛ ቅርብ ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎች በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጠለል ጀመሩ። አብዛኞቹ ከአንጎላ፣ ከኮንጎና ከቬንዝዌላ የመጡ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኒቱ አዳራሽ አልፎ ሜዳው በድንኳን ተሞላ፤ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች በብርድ አደሩ። ተክዊላ ትንሽ ከተማ ናት፤ በ2023 መጸው አስቸኳይ ጊዜ አወጀች። የማን ኃላፊነት ነው? የፌዴራል መንግሥት ነው ያለ አለ፣ የስቴት ነው ያለ አለ፣ የካውንቲው ነው ያለ አለ። በየቦታው ኳሱን ሲቀባበሉ ሩዝ የቀቀሉት የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎችና ጎረቤቶች ናቸው። በካርቱም፣ በካይሮ ወይም በናይሮቢ ወረፋ ጠብቆ የመጣ ሐበሻ ያንን ግቢ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም።

በ2023 መጀመሪያ ላይ መሥሪያ ቤቱ የአምስት ዓመት ዕቅድ ረቂቅ አወጣ። ችግሩን በሙሉ ለመፍታት ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተባለ። ጋዜጦቹ ቁጥሩን ይዘው ሮጡ፣ ፖለቲከኞቹ ደነገጡ፣ የመጨረሻው ዕቅድ ያለ ዋጋ ወጣ። ቁጥሩ ውሸት ነበር ብዬ አላምንም፤ ቤት ውድ ነው። ግን ክፍያ በወቅቱ መክፈል ያልቻለ ቢሮ ቢሊዮን ሲጠይቅ የሚሰማው አያገኝም። ማርክ ዶንስ በሜይ 2023 ሥራ እንደሚለቁ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜያዊ ኃላፊዎች ተፈራረቁ። ኬሊ ኪኒሰን በቋሚነት የተሾሙት በ2024 አጋማሽ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከዓመት በላይ ቋሚ ኃላፊ ሲያጣ ከሱ ጋር ውል ያለው ሁሉ ይንገዳገዳል።

ቁጥሩስ? በ2020 በአንድ ሌሊት ቆጠራ 11,751 ሰው ተገኘ። በ2022 13,368። በ2024 ከ16,000 በላይ። የቆጠራው ዘዴ መሀል ላይ ስለተቀየረ የ2020ውን ከኋለኞቹ ጋር እኩል ማወዳደር ልክ አይደለም። አሁን ሰዎች የሚያውቋቸውን እየጠቆሙ ይቆጠራል፤ የድሮው በጎ ፈቃደኛ ባትሪ ይዞ በሌሊት መዞር ነበር። ካውንቲው የተለያዩ መዝገቦችን አገናኝቶ ሲያሰላ ደግሞ በ2020 ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ጊዜ ቤት አልባ የሆነው ሰው ከ40,000 በላይ እንደሆነ አገኘ። አብዛኛው ሰው ገብቶ ይወጣል ማለት ነው። እያስወጣን ሳለ ሌላው ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩ ጨመረ ብሎ ማስተባበር ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። መጠለያ የሚያስተባብር ቢሮ የኪራይ ዋጋን አያወርድም።

በ2024 ስምምነቱ ተሻሻለ። ሁለቱ ቦርዶች ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ይሄ መልካም ነው። ሲያትል ግን በዚያው ዓመት መንገድ ላይ ሰዎችን የሚያነጋግሩና ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የሚከላከሉ ፕሮግራሞችን ውል ወደ ራሷ መለሰች። ይሄ ያሳዝነኛል። ትልቋ አባል ዕቃዋን መልሳ ስትወስድ ሌላው ምን ይማራል?

ሌላ ምሳሌ ደግሞ በሰሜን በኩል አለ፤ ብዙ አይወራለትም። ቦተል፣ ኬንሞር፣ ሌክ ፎረስት ፓርክ፣ ሾርላይንና ዉዲንቪል የሚባሉ አምስት ትንንሽ ከተሞች ለዚህ ጉዳይ ያላቸውን ገንዘብ አዋጥተው መሥሪያ ቤቱ በጋራ እንዲያስተዳድርላቸው ተስማሙ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ለየብቻ ቢሆን ለአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የማይበቃ ነበር። አንድ ላይ ሲሆን አገልግሎት ሆነ። ማንም አላስገደዳቸውም። ለብቻቸው እንደማይችሉት ስላወቁ ነው የመጡት። ሲያትል ለብቻዋ የምትችል ስለሚመስላት ይሆን የምትወጣው?

በኖቬምበር 2025 ምርጫ ሁለቱም ትልልቅ ወንበሮች ባለቤት ቀየሩ። ሲያትል ኬቲ ዊልሰንን ከንቲባ አድርጋ መረጠች። የካውንቲው አስተዳዳሪ የሆኑት ግርማይ ዛሂላይ ናቸው። የተወለዱት ሱዳን ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ነው። በሕፃንነታቸው ወደ ሲያትል መጥተው በደቡብ ሲያትል የመንግሥት ቤቶች ውስጥ አድገዋል። ከተማ ውስጥ በድጎማ የተገኘ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ከወረቀት አይደለም የሚያውቁት። ሆቴሎቹን የያዘው ፕሮግራም አሁን በእሳቸው ሥር ነው።

የሲያትል በጀት በየዓመቱ፣ የካውንቲው ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ በመጸው ይቀርባል፤ ኖቬምበር አካባቢ ይጸድቃል። ከመጽደቁ በፊት ማንም ነዋሪ ቀርቦ መናገር ይችላል። ሬኒየር ቫሊ ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ለአረጋውያን 90 አፓርታማ ያሠራው ከብዙ ቢሮዎች ገንዘብ እየለመነና እያገጣጠመ ነው፤ ስለዚህ የተበታተነ ኪስ ምን ያህል እንደሚያደክም ከኛ ወገን የሚመሰክር አይጠፋም። ከምክር ቤቱ ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ በቂ ነው፦ የቤቱ ገንዘብና የመጠለያው ገንዘብ መቼ ነው በአንድ ጠረጴዛ የሚወሰነው?

እስከዚያው ኪራይ ያቃተው ወይም መኪና ውስጥ የሚያድር ወገን ካለ የመጀመሪያው በር 2-1-1 ነው። ስልኩ ሲነሣ "አማርኛ" ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አይከፈልበትም።